ከፍራንክፈርት ሮም፣ ከሮም ለንደን፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም መልስ የምንሰጥባቸው ጥያቄዎች ሁሉ በአንድ ጉዳይ ዙሪያ የሚሽከረከሩ ናቸው። ባለፉት ሳምንታት ከቱሉ ዲምቱ፣ ከለገጣፎ፣ ከቡራዩና ከሰበታ የደረሱን ደብዳቤዎችና የቴሌግራም መልእክቶች፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ከአንዱ የአውሮፓ አገር ወደ ሌላው ስለሚሻገርበት ሁኔታ የሚጠይቁ ነበሩ። የጠያቂዎቹን ስም ትተን፣ ጥያቄያቸውንም አሳጥረን አቅርበናል።

ጥያቄ፦ «በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የምኖር ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ። ልጄ የምትኖረው ፍራንክፈርት፣ እኅቴ ሮም፣ የወንድሜ ልጅ ደግሞ ለንደን ነው። ልጄ የግብዣ ደብዳቤ ልካልኝ ከጀርመን ኤምባሲ ቪዛ አግኝቻለሁ። ሐሳቤ ፍራንክፈርት ጥቂት ሰንብቼ ወደ ሮም መሄድ፣ ከዚያ ለንደን ደርሼ እንደገና ወደ ፍራንክፈርት መመለስና ከልጄ ቤት ተሸኝቼ ወደ አገሬ መግባት ነው። ጎረቤቶቼ ግን አሳቡን አደናገሩብኝ። አንዳንዶቹ የአውሮፓ ቪዛ ለሁሉም አገር ይሠራል ይሉኛል፤ ሌሎቹ የጀርመን ቪዛ ከጀርመን አያስወጣም ይላሉ። ማንን ልስማ?»

መልስ፦ ሁለቱም ወገኖች የነገሩን አንድ ጎን ብቻ ይዘዋል። ከጀርመን ኤምባሲ ያገኙት ለአጭር ጊዜ ጉብኝት የሚሰጠው የሸንገን ቪዛ ከሆነ ሮም ያደርስዎታል፤ ለንደን ግን አያደርስዎትም። ይበልጥ ሊያሳስብዎት የሚገባው ደግሞ ለንደን ደርሰው ወደ ፍራንክፈርት ለመመለስ ያሰቡት ጉዞ ነው።

ሸንገን በሉክሰምበርግ፣ በሞዘል ወንዝ ዳር የምትገኝ ትንሽ መንደር ናት። እ.ኤ.አ. ጁን 14 ቀን 1985 ቤልጂየም፣ ፈረንሳይ፣ ምዕራብ ጀርመን፣ ሉክሰምበርግና ኔዘርላንድስ በመካከላቸው ያለውን የድንበር ቁጥጥር ቀስ በቀስ ለማንሣት በዚያ ተስማሙ፤ ስምምነቱ በተግባር የዋለው ከአሥር ዓመት በኋላ በማርች 1995 ነው። ዛሬ አባላቱ 29 ደርሰዋል። ክሮኤሺያ በ2023 መጀመሪያ ገባች፤ ቡልጋሪያና ሮማንያ ደግሞ በ2024 በአየርና በባሕር፣ በጃንዋሪ 2025 በየብስ ጭምር ተቀላቀሉ። ስዊዘርላንድ፣ ኖርዌይ፣ አይስላንድና ሊክተንስታይን የአውሮፓ ኅብረት አባል ሳይሆኑ የሸንገን አባል ናቸው። በተቃራኒው አየርላንድና ቆጵሮስ የኅብረቱ አባላት ቢሆኑም ሸንገን ውስጥ የሉም። እንግሊዝ ከኅብረቱ የወጣችው በ2020 ቢሆንም፣ ሸንገን ውስጥ ግን ኅብረቱ ውስጥ በነበረችባቸውም ዓመታት ገብታ አታውቅም።

እርስዎ ቱሉ ዲምቱ ስለሚኖሩ ነገሩን በደጃፍዎ ባለው መንገድ ብናስረዳ ይቀላል። የአዳማው ፈጣን መንገድ ሲጀመር ካርድ ይወስዳሉ፤ ከዚያ በኋላ ቢሾፍቱንም ሞጆንም ሲያልፉ መሐል መንገድ ላይ አስቁሞ ካርድ የሚጠይቅዎት የለም። ቢሾፍቱ ላይ ከወጡ ግን ካርዱን አስረክበዋል፤ ተመልሰው ወደ መንገዱ ለመግባት ሌላ ካርድ ያስፈልጋል። 29ኙ አገሮች እንደዚያ መንገድ ናቸው፤ ለንደን ደግሞ መውጫው ነው። ልዩነቱ የመንገዱን ካርድ በደቂቃ የሚያገኙት ሲሆን ሌላ ቪዛ ለማግኘት ግን ወራት ሊፈጅ መቻሉ ነው።

እባክዎ ፓስፖርትዎን ገልጠው ቪዛው ላይ የመግቢያ ብዛት የተጻፈበትን ቦታ ይመልከቱ። «01» የሚል ቁጥር ሳያገኙ አይቀሩም። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በኤፕሪል 2024 ባሳለፈው ውሳኔ፣ ኢትዮጵያ በአውሮፓ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን ዜጎቿን መልሳ በመቀበል ረገድ በበቂ ሁኔታ አልተባበረችም በሚል ምክንያት፣ ለኢትዮጵያውያን ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ መስጠት እንዲቆም አድርጓል። በመንግሥታት መካከል የተፈጠረው አለመግባባት ልጇን ለመጠየቅ በምትሄድ እናት ፓስፖርት ላይ ማረፉ ፍትሐዊ ነው ብለን አናምንም፤ ይሁን እንጂ የጉዞ ዕቅድ የሚወጣው በሥራ ላይ ባለው ደንብ ነውና የእርስዎም ጉዞ በዚሁ ልክ መሰፋት አለበት። ከፍራንክፈርት ወደ ሮም ቢሄዱ «01» አይነካም። ከሮም ወደ ለንደን በረው ከጣልያን በወጡበት ቅጽበት ግን ቪዛዎ የቀሩት ቀናት ቢኖሩትም እንኳ አገልግሎቱ ያበቃል።

መፍትሔው ለንደንን ከመሐል አንሥቶ በዳር ማድረግ ነው። ወይ ከአዲስ አበባ በቀጥታ ለንደን ገብተው የወንድምዎን ልጅ ከጠየቁ በኋላ ወደ ፍራንክፈርትና ወደ ሮም ይሄዳሉ፤ ወይም ፍራንክፈርትንና ሮምን ጨርሰው ለንደንን የመጨረሻ ያደርጉና ከዚያው በቀጥታ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳሉ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ሦስቱም ከተሞች ስለሚበር ይህ አይቸግርም። በሁለቱም መንገድ ግን የእንግሊዝ ቪዛ ለብቻው፣ በራሱ ማመልከቻና በራሱ ክፍያ መጠየቅ አለበት። የእንግሊዝ የጎብኚ ቪዛ በተለምዶ እስከ 6 ወር የሚያቆይ ቢሆንም ፓሪስም ሮምም ለመግባት አያገለግልም።

ለንደንን መጨረሻ ካደረጉ አንድ ወጥመድ አለ። የአየር ቲኬት ሻጮች ርካሽ ነው ብለው ለንደን፣ ፍራንክፈርት፣ አዲስ አበባ የሚል ቲኬት ሊቆርጡልዎት ይችላሉ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በሸንገን አገር አውሮፕላን ማረፊያ አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ባይወጣም እንኳ፣ የትራንዚት ቪዛ ከሚጠየቁት መካከል ነው። የሚሠራ የሸንገን፣ የአሜሪካ፣ የካናዳ ወይም የጃፓን ቪዛ ያለው ሰው ከዚህ ነፃ ነው፤ የእርስዎ ግን መግቢያው ያለቀ ስለሚሆን ይህን ነፃነት አገኛለሁ ብለው አይተማመኑበት። ስለዚህ ከለንደን የሚነሣው ቲኬት ቀጥታ ይሁን።

ስለ ሮም ጥቂት እንጨምር። በሸንገን አገሮች መካከል ቁጥጥር የለም ሲባል ፈጽሞ ማንም አይጠይቅም ማለት አይደለም። ጀርመን ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ በየብስ ድንበሮቿ ሁሉ ጊዜያዊ ፍተሻ መልሳ ጀምራለች፤ ሌሎችም አገሮች ተመሳሳይ እርምጃ ወስደዋል። በባቡርም ይሂዱ በአውሮፕላን ፓስፖርትዎ፣ የጉዞ መድን ወረቀትዎና የልጅዎ አድራሻ ከእጅ ቦርሳዎ አይለዩ፤ ሻንጣ ውስጥ ተቆልፎ የተጫነ ፓስፖርት ለፖሊስ አይታይም። ጣልያን ሲደርሱ ደግሞ በ8 ቀን ውስጥ መግባትዎን ለፖሊስ ማሳወቅ ይጠበቅብዎታል። ሆቴል ያረፈ ሰው ሆቴሉ ያስመዘግብለታል፤ እርስዎ ከእኅትዎ ቤት ስለሚያርፉ ግን ጉዳዩን ራሳችሁ መፈጸም አለባችሁ። እኅትዎም እንግዳ መቀበላቸውን በ48 ሰዓት ውስጥ የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው። በርካታ የእኛ ሰዎች ይህን ሳያደርጉ ደርሰው ተመልሰዋል፤ ያም ሆኖ ወረቀቱን መያዝ በኋላ ከሚመጣ ጥያቄ ያድናል።

ሮም ሳሉ ቫቲካንን መሳለም ከፈለጉ አይሥጉ። ቫቲካን ራሷን የቻለች አገር ብትሆንም በመካከል የፓስፖርት ፍተሻ ስለሌለ፣ እዚያ መግባት ከሸንገን እንደ መውጣት አይቆጠርብዎትም። በዚያው ግቢ ከጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ ለዘመናት የኢትዮጵያውያን መነኮሳት ማረፊያ የነበረው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል።

በመጨረሻም፣ ቪዛውን የሰጠችዎ ጀርመን ናትና የሚበዛውን ጊዜ የሚያሳልፉት በልጅዎ ቤት ይሁን። በማመልከቻው ላይ ሦስት ሳምንት ፍራንክፈርት፣ አንድ ሳምንት ሮም ተብሎ ከሆነ የተፈቀደልዎ፣ በተግባር ተገላብጦ መገኘቱ በሚቀጥለው ጊዜ ቪዛ ሲጠይቁ ሊመዝንብዎ ይችላል።

ጥያቄ፦ «ከለገጣፎ ነው የምጽፈው። እኅቴ ስቶክሆልም ልትወልድ ስለሆነ እናታችን አራስ ቤት ልትረዳት ትሄዳለች። ቪዛዋ 90 ቀን ይላል። ሐምሌ 1 ቀን ስቶክሆልም ገብታ መስከረም 30 እንድትነሣ ቲኬት ልቆርጥላት አስቤአለሁ፤ ሦስት ወር ማለት ነው። መስቀልንም ከልጅ ልጇ ጋር ታሳልፋለች። ቪዛው የሚያበቃበት ቀንም ከዚያ በኋላ ነው። ትክክል ነኝ?»

መልስ፦ አይደሉም፤ ቲኬቱን ሳይቆርጡ መጠየቅዎ ግን ትልቅ ነገር ነው። በእኛ አቆጣጠር ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ፣ ሦስት ወርን 90 ቀን ብሎ መቁጠር በዓመቱ በአብዛኛው ያስኬዳል፤ የእናትዎ ጉዞ ግን ጳጉሜንን ተሻግሮ ያልፋል። ሐምሌ 30፣ ነሐሴ 30፣ ጳጉሜን 5፣ መስከረም 30 ሲደመሩ 95 ቀን ይሆናሉ። ዘጠናኛው ቀን መስከረም 25 ነው፤ በፈረንጆቹ ደግሞ ኦክቶበር 5። ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት መስከረም 24 ላይ ይውላል። የገቡበት ቀን አንድ ተብሎ ይቆጠራል፤ የሚወጡበትም ቀን ይቆጠራል። መስቀል መስከረም 17 ነውና በዓሉ አያመልጣቸውም።

ቪዛው የሚያበቃበት ቀን ከዚያ በኋላ መሆኑ ብዙ ሰው ያሳሳተ ነገር ነው። ቪዛው ላይ «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን» የሚለው በዚያ መካከል ገብተው እንዲወጡ የተሰጠ የጊዜ ክልል ሲሆን፣ ጉዞው ጥቂት ቢዘገይ ቪዛው እንዳይባክን በማሰብ ብዙውን ጊዜ 15 ቀን ተጨምሮበት ይጻፋል። በዚያ ክልል ውስጥ ስንት ቀን መቆየት እንደሚቻል የሚወስነው ግን ለብቻው የተጻፈው የቀናት ቁጥር ነው። ከሁለቱ ቀድሞ በሞላው መውጣት ግዴታ ነው። የ30 ቀን ቆይታና የ45 ቀን ክልል የተሰጣቸው ሰዎች 45ቱን ቀን ተቀምጠው ሲወጡ አየር ማረፊያ ላይ የደነገጡበትን ጊዜ እናውቃለን።

ሌላው የሰዓት ጉዳይ ነው። በእኛ አነጋገር «መስከረም 25 ሌሊት» የምንለው በረራ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ የሚነሣ ከሆነ፣ በእነርሱ አቆጣጠር የኦክቶበር 6 ጉዞ ነው። እናትዎ በፍራንክፈርት በኩል የሚመለሱ ከሆነም መውጫቸው የሚመዘገበው በስቶክሆልም ሳይሆን በፍራንክፈርት ነው፤ የመጨረሻውን የሸንገን ድንበር የሚያልፉት እዚያ ስለሆነ። ስለዚህ ሁለት ሦስት ቀን አትርፈው፣ ለምሳሌ መስከረም 22 ቀን እንዲነሡ አድርገው ይቁረጡ። በፓስፖርት ላይ የሚመታው ማኅተም ደብዝዞ፣ ቆጣሪውም ቸኩሎ ሁለት ቀን የሚታለፍበት ዘመን እያለፈ ነው። ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ ሸንገን ደረጃ በደረጃ ሥራ ላይ ያዋለው የመግቢያና መውጫ መመዝገቢያ ሥርዓት ፎቶግራፍ ይዞ ቀናቱን በራሱ ይቆጥራል። ያለፈ ቀን ቅጣትንና ለተወሰነ ጊዜ እንዳይገቡ መከልከልን ሊያስከትል ይችላል፤ ለእናትዎ የሚከብደው ግን ሁለተኛው የልጅ ልጅ ሲወለድ የሚቀርበው ማመልከቻ ላይ የሚጥለው ጥላ ነው።

አያድርገውና ቢታመሙና መብረር ባይችሉ፣ ቀኑ ሳያልፍ በስዊድን ለሚመለከተው ባለሥልጣን የሐኪም ማስረጃ ይዘው ቪዛው እንዲራዘም ማመልከት ይቻላል። እንዲህ ካለው ችግር የተነሣ የሚደረግ ማራዘም ክፍያ የለውም። «ልጁ ገና አንገቱ አልጸናም» የሚለው ግን በእኛ ዘንድ የሚገባ ምክንያት ቢሆንም በእነርሱ ዘንድ አያራዝምም።

ጥያቄ፦ «ቡራዩ የምኖር ነጋዴ ነኝ። መሄድ የምፈልገው አምስተርዳም ያለው ወንድሜ ጋ ነው። አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ግን ‘የሆላንድ ይከብዳል፤ የሌላ አገር ቪዛ በቀላሉ አወጣልሃለሁ፤ አንዴ ከገባህ የፈለግህበት ትሄዳለህ’ አለኝ። ሕጋዊ ነው?»

መልስ፦ አይደለም። ማመልከቻ የሚቀርበው ዋናው መድረሻ ለሆነው አገር ነው፤ ዋና መድረሻ የሚባለውም የጉዞው ዓላማ ያለበት ወይም ረጅሙን ጊዜ የሚያሳልፉበት አገር ነው። በሁለት አገሮች የሚቆዩት እኩል ከሆነ መጀመሪያ ለሚገቡበት ያመለክታሉ። አምስተርዳም ለመሄድ የአምስተርዳምን ቪዛ ይዘው በፓሪስ በኩል ቢገቡ ነውር የለውም። በማያርፉበት ሆቴል፣ በማይጎበኙት ከተማ ስም ቪዛ ማውጣት ግን ሐሰተኛ መረጃ ማቅረብ ነው፤ ድንበር ላይ ያለው ፖሊስ «የት ነው የምታርፈው? ማን ጋ?» ብሎ ሲጠይቅ የወንድምዎን አድራሻ ቢሰጡ ከቪዛው ጋር ይጋጫል፣ የሆቴሉን ቢሰጡ ሆቴሉ ተደውሎ ይጠየቃል። ቪዛው እዚያው ሊሰረዝና በመጡበት ሊመለሱ ይችላሉ። ጉዳይ አስፈጻሚው በዚያ ሰዓት ቡራዩ ነው ያለው።

ቪዛ ሲጠይቁ የሰጡት አሻራና የማመልከቻዎ ውጤት በሁሉም የሸንገን አገሮች ቆንስላዎች በሚታይ የቪዛ መረጃ ቋት ይቀመጣል፤ አሻራው ለሌላ ማመልከቻ እስከ 59 ወር ያገለግላል። ስለዚህ በአንዱ በር ተበላሽቶ በሌላው አዲስ ሰው ሆኖ መቅረብ አይቻልም።

ገንዘብዎን ለደላላ ከማፍሰስ ጊዜዎን ለወረቀቱ ቢያውሉት ይሻላል። ክፍያው ከጁን 2024 ጀምሮ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ 45 ዩሮ ሲሆን ከዚያ በታች ላሉት ክፍያ የለም። ቢከለከሉም ገንዘቡ አይመለስም። ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ማስገባት ይቻላል፤ ለሌሎች አገሮች ዜጎች 15 ቀን የሆነው የውሳኔ ጊዜ በዚያው በ2024ቱ ውሳኔ ለኢትዮጵያውያን 45 ቀን ስለተደረገ፣ ሠርግ ወይም ምርቃት ያለበት ሰው በወር ቀድሜ እደርሳለሁ ብሎ ማሰብ የለበትም። ፓስፖርቱ ከመመለሻው ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚሠራ፣ ከ10 ዓመት ወዲህ የወጣና ሁለት ባዶ ገጽ ያለው ይሁን። የጉዞ ሕክምና መድኑ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍንና በሁሉም የሸንገን አገሮች የሚሠራ መሆን አለበት።

ነጋዴ ስለሆኑ ብርቱው ማስረጃዎ የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ክፍያ ማስረጃና የወራት እንቅስቃሴ የሚታይበት የባንክ ስቴትመንት ነው። ከማመልከቻው ሳምንት በፊት ከዘመድ ተበድሮ የገባ ገንዘብ ወዲያው ይታወቃል። የእኛ ስም አወጣጥ የቤተሰብ ስም ስለሌለው፣ የአያታችሁም ስም በሁለቱም ፓስፖርት ላይ አንድ ሆኖ ካልተጻፈ፣ ወንድምነታችሁ ከፓስፖርቱ ላይ ላይታይ ይችላል፤ የሁለታችሁን የልደት ምስክር ወረቀት ከነትርጉሙ ማያያዝ ይህን ጥያቄ ይዘጋል። ቢከለከሉም ምክንያቱ ምልክት የተደረገበት ወረቀት ይሰጥዎታል፤ ይግባኝ የሚባለውም ለከለከለው አገር፣ በዚያው አገር ሕግ መሠረት ነው። ምክንያቱን ሳያርሙ እንደገና 90 ዩሮ መክፈል ግን ኪሳራ ነው።

ጥያቄ፦ «ኤቲያስ የሚባል አዲስ ፈቃድ ሊጀመር ነው፣ አሁኑኑ ተመዝገቡ የሚል ማስታወቂያ ለገጣፎ አካባቢ ተለጥፎ አየሁ። እኛንም ይመለከታል?»

መልስ፦ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘን ሰው አይመለከትም፤ ኤቲያስ ወደ ሸንገን ለመግባት ቪዛ ለማይጠየቁ አገሮች ዜጎች የታሰበ የጉዞ ፈቃድ ነው። የአሜሪካ ወይም የካናዳ ፓስፖርት ያላቸው ዘመዶችዎ ሥራ ሲጀምር ይጠየቃሉ። ለእርስዎ ሊሸጥልዎት የሚሞክር ካለ እያታለለዎት ነው።

ጥያቄ፦ «ወንድሜ ሚላን ሶጆርኖ፣ ማለትም የጣልያን የመኖሪያ ፈቃድ፣ አለው። ለፋሲካ ሰበታ መጥቶ ሲመለስ በመንገዱ ስዊድን ያለችውን እኅታችንን ልጠይቅ ይላል። ቪዛ ያስፈልገዋል? ሶጆርኖው እድሳት ላይ ነው፤ ደረሰኙ ግን በእጁ አለ።»

መልስ፦ መልሱ የተንጠለጠለው በመጨረሻው ዐረፍተ ነገርዎ ላይ ነው። የታደሰና የሚሠራ የመኖሪያ ፈቃድ ከፓስፖርት ጋር የያዘ ሰው በሌሎቹ የሸንገን አገሮች በማናቸውም 180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ያለ ቪዛ መቆየት ይችላል፤ መሥራት ግን አይችልም። የእድሳት ደረሰኝ ከዚህ እኩል አይደለም። ደረሰኙን፣ ጊዜው ያለፈበትን ሶጆርኖና ፓስፖርቱን ይዞ ከጣልያን ወጥቶ ወደ ጣልያን መመለስ ይፈቀድለታል፤ በሌላ የሸንገን አገር በኩል ማለፍ ግን አይፈቀድለትም። ስለዚህ በስቶክሆልም በኩል ለመመለስ ቢሞክር ቦሌ ላይ አየር መንገዱ ሊያስቀረው ይችላል፤ ቢያሳፍረውም ስዊድን ድንበር ላይ ችግር ይገጥመዋል። ሲመጣም ሲመለስም ከአዲስ አበባ በቀጥታ ሮም በሚወስደው በረራ ይጓዝና ከዚያ በባቡር ሚላን ይግባ። አዲሱ ካርድ እጁ ሲገባ ከሚላን ተነሥቶ እኅታችሁን መጠየቅ ይችላል።